በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚፈስ ውኃ



በመካኒካል ምሕንድስና ክፍል ከምንማራቸው ትምህርቶች መካከል ተማሪው ከፈተና በፊት እንቅልፍ የሚያጣበት፣ ከፈተና በኋላ ደግሞ በሳምንቱ የሚረሳው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የፍሉይድ መካኒክስን ስም ሳንጠራ አንቀርም። ይህ ትምህርት የሚመረምረው የፈሳሽንና የአየርን ጠባይ ነው። ውኃ በቧንቧ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ፣ ነፋስ በክንፍ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ተርባይን ከወንዝ ኀይል እንዴት እንደሚወስድ የሚያስተምር ነው። እንግዲህ ስለ ውኃ የሚናገር ትምህርት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንዲት ጠብታ ውኃ ሳይታይበት የሚያልቅ ከሆነ፣ ነገሩ ዋና በወረቀት እንደ መማር አይሆንብንም ወይ?

በበኩሌ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህንኑ ለመናገር ነው። ትምህርቱ ከቤተ ሙከራ መጀመር አለበት፤ ምርምሩም ከራሳችን ውኃና ከራሳችን አየር መነሣት አለበት። ይህን ስል ሒሳቡ ይቅር ማለቴ እንዳልሆነ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ሒሳብ የማይወድ ሰው ይህን ሐሳብ መጠለያ ሊያደርገው ቢፈልግ አልተባበረውም።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በአዲስ አበባ ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ የተቀመጠ ፓምፕ ውኃን ከስንት ሜትር ጥልቀት መሳብ ይችላል ብላችሁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ብትጠይቁ፣ ሳያመነታ «10 ሜትር ከ33» ይላችኋል። መጽሐፉ እንዲህ ስለሚል ነው። መጽሐፉ ግን የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። ፓምፕ በእርግጥ ውኃን ስቦ አያወጣም፤ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ሲቀንሰው ከጉድጓዱ ውኃ ላይ የተጫነው አየር ራሱ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ አየሩ የሳሳበት አገር ላይ ገፊው ደካማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን የምንኖር እኛ፣ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይልብናል፤ ይህም በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። በዚህ ስሌት ውኃው ሊወጣ የሚችለው ቢበዛ 7 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የውኃው እንፋሎት የሚወስደውና በቱቦው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ሲቀነስ፣ ጥንቁቅ የሆነ መሐንዲስ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ አይተማመንበትም። በ10 ሜትር የተማመነው መሐንዲስ ግን ፓምፑን ይተክላል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ በማግሥቱ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይጮኻል፤ ውኃም አያወጣም። ከዚያ በኋላ «የመጣው ዕቃ ርካሽ ነው» ይባላል። ዕቃው ምን በደለ? የመንደሩ ሴቶችም እንስራቸውን ይዘው ወደ ቀድሞው ምንጭ ይመለሳሉ።

ነገሩ በፓምፕ ብቻ የሚቆም አይደለም። የአየራችን ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ እዚያ ተለክቶ የመጣ ማራገቢያ እዚህ የሚገፋው አየር በክብደት በሩብ ያንሳል። የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ጭሱን የሚስብበት ኀይልም እንዲሁ። የነፋስ ኀይል ማመንጫ ከነፋሱ የሚያገኘው ጉልበት ከአየሩ ክብደት ጋር እኩል ስለሚወርድና ስለሚወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያው ክፍል ሥራ የጀመረው የአዳማ የነፋስ ጣቢያም ሆነ በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ በአምራቹ ካታሎግ ላይ ባለው የባሕር ጠረፍ ሠንጠረዥ ሊታሰቡ አይችሉም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማኰብኰቢያ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሳሳ አየር ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ በደጃችን እያለ፣ በልምምድ ወረቀታችን ላይ ያለው አየር ዘወትር የሎንዶን ወይም የቦስተን አየር የሚሆነው ለምንድን ነው?

መምህራኖቻችን ቢቆጡኝም አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የዕውቀት ዘርፍ ራሱ ለብዙ ዘመን የታመመው ዛሬ እኛን በያዘን በሽታ ነበር። ዳላምቤር የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በ1752 ባወጣው ስሌት፣ ሰበቃ የሌለው ፈሳሽ በውስጡ በእኩል ፍጥነት በሚሄድ አካል ላይ ምንም ዓይነት መጐተት አያሳርፍም የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። ሒሳቡ እንከን የለውም። ነገር ግን ወንዝ የተሻገረ በቅሎ ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን በወረቀቱ ላይ የሚያምር ፈሳሽ ይዞ ቀረ፤ ሌላው ወገን ቦይ እየቈፈረ፣ ቧንቧ እየዘረጋ፣ የለካውን ቍጥር በሠንጠረዥ እየጻፈ ለብቻው ሄደ። ናቪዬ በ1822፣ ስቶክስም በ1845 የፈሳሹን ሰበቃ የሚጨምሩትን እኩልዮሾች ከጻፉ በኋላ እንኳ ሁለቱ ወገኖች ቶሎ አልታረቁም፤ እኩልዮሾቹ እጅግ ከባድ ነበሩና። እስከ ዛሬም ከባድ ናቸው። እነዚህ እኩልዮሾች በሦስት አቅጣጫ ለሚፈስ ፈሳሽ ሁልጊዜ የተስተካከለ መልስ ይኖራቸው እንደ ሆነ ለሚያረጋግጥ ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት በ2000 ተመድቦ እስከ አሁን ወሳጅ አልተገኘለትም።

ያስታረቃቸው ማየት ነው። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በማንቸስተር ከተማ በ1883 ያደረገው ሙከራ ሁላችንም የምንሸመድደው ነው፤ ቍጥሩ በስሙ ይጠራልና። ይሁን እንጂ ሰውዬው ምን እንዳደረገ ስንቶቻችን እናውቃለን? በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ውኃ እያፈሰሰ በመካከሉ ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውኃው ዝግ ሲል ክሩ እንደ ተወጠረ ፈትል ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ በድንገት ተንቀጠቀጠ፤ ተበታተነ፤ ውኃውን ሁሉ አቀለመ። ከዚያ ሥርዐት ወደዚህ ሁከት የሚሻገርበት ድንበር በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱ፣ በቱቦው ስፋት፣ በፈሳሹ ክብደትና ዝልግልግነት ጥምረት እንደሚወሰን አሳየ። ድንበሩም የሙከራውን ጸጥታ ይከተላል። ያው የሬይኖልድስ መሣሪያ በማንቸስተር ተጠብቆ ይገኛል፤ በመኪና ብዛት መንገዱ በሚንቀጠቀጥበት በዘመናችን ሙከራው ሲደገም ሁከቱ እርሱ ካገኘው ቀድሞ ይነሣል። የመንገዱ ጋሪ በተማሪው ቍጥር ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ይህን ከመጽሐፍ ቀመር ማን ያገኘዋል?

ሉድቪግ ፕራንትል የተባለው ጀርመናዊም እንዲሁ ነው። ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለ በኑርንበርግ በአንድ የማሽን ፋብሪካ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂን በአየር እየሳበ የሚያነሣ መሣሪያ እንዲያሻሽል ታዘዘ። በሚሰፋው ቧንቧ ውስጥ አየሩ ቀስ እያለ ሲሄድ ግፊቱ እንዲጨምር ይጠበቅ ነበር፤ አልጨመረም። አየሩ ከቧንቧው ግድግዳ ተላቆ ይሄድ ነበር። ይህ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቁን አልተወም። በሃኖቨር ካስተማረ በኋላ፣ በ1904 በሃይድልበርግ በተደረገው የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ አጭር ንግግር አደረገ። ከግድግዳው አጠገብ እጅግ ቀጭን የሆነ ንጣፍ አለ፤ የፈሳሹ ሰበቃ ዋና ሥራውን የሚሠራው በዚያ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ፈሳሽ ግን እንደ ጥንቱ ሒሳብ ሊታሰብ ይችላል አለ። ለዚህም ማስረጃ ያቀረበው በእጁ በሚዞር መዘውር ውኃ በሚገፋ አነስተኛ ገንዳ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ነበር። የዳላምቤር እንቈቅልሽ የተፈታው፣ የአውሮፕላን ክንፍ ሳይንስም መንገድ ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። መነሻው የአናጢ ቤት ፍቅፋቂ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«እነርሱ ሀብት አላቸው፤ እኛ ግን ዕቃ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዕቃ የለንም የሚለው ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እኔ የማውቀው አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ የፓምፕ መፈተኛ ጠረጴዛ ከነሣጥኑ ቁሞ ሁለት ክረምት አሳልፏል። ቍልፉ በንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ተማሪ ዕቃ ይሰብራል ብሎ ይፈራል፤ መምህሩ በስሙ ከተመዘገበ ከደመወዙ ይቈረጥብኛል ብሎ ይፈራል። በዚህ መካከል ዕቃው በፍጹም ጤንነት ላይ ይገኛል፤ ያልተሰበረ ዕቃ፣ ያልተማረ ተማሪ። እኔ ብጠየቅ ተማሪ እየተማረበት የተሰበረ ፓምፕ በሪፖርት ላይ እንደ ጉዳት ሳይሆን እንደ ወጪ ጠመኔ ይቈጠር እላለሁ።

ሁለተኛው መልሴ ደግሞ ይህ ነው፤ የሬይኖልድስን ሙከራ ለመሥራት ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም የማይበልጥ ገንዘብ ይበቃል። ውስጡ የሚታይና የውስጡ ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሜትር ያህል ቱቦ፣ አንድ ባልዲ፣ የቀለም ጠርሙስ፣ መርፌ ያለው ሲሪንጅና የአንድ ሊትር ጠርሙስ ያስፈልጋል። ባልዲው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ውኃው እስኪረጋ ይቈይ፤ ከዚያ በቱቦው ይለቀቅ። ቀለሙ በቱቦው አፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይሰጥ። የሚወጣው ውኃ የአንድ ሊትሩን ጠርሙስ ልክ በአንድ ደቂቃ ከሞላው፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የውኃው ሙቀት 20 ዲግሪ ከሆነ የሬይኖልድስ ቍጥር 2,100 ያህል ይሆናል። ድንበሩ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ጠርሙሱ በሁለት ደቂቃ እንዲሞላ ቢዘገይ ክሩ ቀጥ ይላል፤ በግማሽ ደቂቃ እንዲሞላ ቢፈጥን ክሩ ይበጠበጣል። ባልዲውን በጣታችሁ መታ መታ ብታደርጉት ደግሞ የማንቸስተርን ጋሪዎች ታገኛላችሁ። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ተማሪ 2,100 የሚለውን ቍጥር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይረሳም፤ ደግሞም ቍጥሩ እንደ ታቦት የማይነካ ሕግ አለመሆኑን ይረዳል።

በውጭ አገርም ቢሆን ይህ ችግር ታስቦበታል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው አሸር ሻፒሮ፣ ተማሪው ፈሳሹን ሳያይ ፈሳሹን አይረዳም ብሎ ከ1961 ጀምሮ ከሌሎች ሊቃውንት ጋር የትምህርት ፊልሞችን አዘጋጅቷል። ጄፍሪ ቴይለር የተባለው ታላቅ እንግሊዛዊ ሊቅ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ተጠግቶ ሳለ በአንደኛው ፊልም ላይ ራሱ ቀርቦ፣ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቀለም ሲማሰል ጠፍቶ፣ ማማሰያው ወደ ኋላ ሲዞር ተመልሶ እንደ ነበረ ሲሰበሰብ ያሳያል። ፊልሞቹን ዛሬ ማንም በነፃ ሊያያቸው ይችላል። ለቴይለር ሙከራ የሚሆን ማርም በአገራችን አልጠፋም፤ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል።

ይኸው ሻፒሮ በ1962 ሌላም ነገር አድርጓል። ገንዳ ሲፈስ ውኃው የሚሽከረከረው በመሬት መዞር ምክንያት ነው የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችን ከክፍል ውስጥ ሰምተነዋል። እርሱ ግን 1 ሜትር ከ80 ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ገንዳ ሞልቶ፣ ውኃው የአሞላሉን ዙር ሁሉ እንዲረሳ አንድ ቀን ሙሉ ከነሌሊቱ ሸፍኖ ተወው። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው መሬት በሰሜኑ ክፍል ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ውኃውን ስታዞረው ያየው። በ1965 በሲድኒ ሲሞከር በሌላው አቅጣጫ ዞረ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ሰሜን ናት፤ ይህ የመሬት ውጤት ቦስተን ላይ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ በካፌያችን የእጅ መታጠቢያ ውስጥ የሚዞረው ውኃ የሚዞረው በቧንቧው አቀማመጥና በእጃችን ምክንያት ነው። በክንፍ ላይ የሚያልፈው አየር ከታች ከሚያልፈው ጋር «እኩል ለመድረስ» ይፈጥናል የሚለው ማብራሪያም ከዚሁ ዘር ነው፤ ሁለቱ አየሮች የተቀጣጠሩበት ጕዳይ የለም፤ ሲለካም የላይኛው ቀድሞ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ተረት የሚኖረው ማንም ሞክሮ ስለማያየው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ «በኮምፒውተር ይሠራል» የሚሉ አሉ። የኮምፒውተር ስሌት ታላቅ መሣሪያ መሆኑን አልክድም፤ እኔም እየተማርሁት ነው። ነገር ግን የሁከት ስሌቱ ፕሮግራም ውስጥ እንደ 0.09 ያሉ ቋሚ ቍጥሮች ተቀምጠዋል። ከየት መጡ? ሰዎች በነፋስ ዋሻና በውኃ ቦይ አጠገብ ቁመው ከለኩት ነው። ሙከራ የማያውቅ ተማሪ በፕሮግራሙ የሚያገኘው ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕሉ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚፈርድበት ዓይን የለውም። ማሽኑ ደግሞ ለስሕተትም ያው ያማረ ቀለም ይሰጣል።

ስለ ምርምሩ ጥቂት ልናገር። መምህር ዕድገት የሚያገኘው በውጭ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ብዛት ስለሆነ፣ ጥያቄውንም ከውጭ ቢያመጣ አልፈርድበትም፤ ሥርዐቱ ነው የሚፈርድበት። ሆኖም በሩቅ አገር ለሚሠራ የማሽን ክፍል በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ሲጨነቁ፣ የእኛን ደለል ማን ይጨነቅለት? የቆቃ ግድብ ኀይል ማመንጨት ከጀመረበት ከ1960 ወዲህ አዋሽ ከየማሳው ጠርጎ ያመጣውን አፈር ሲያስቀምጥበት ኖሯል። በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በአሸዋና በደለል የተበከለ ውኃ ተርባይን ያለበትን ብረት እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ በየትኛው ፍጥነት፣ በየትኛው የአሸዋ ዐይነት፣ በምን ያህል ጊዜ የሚለው ጥያቄ የእኛ የመካኒካል ተማሪዎች ጥያቄ ነው። እነዚያ ተርባይኖች ፍራንሲስ የሚባሉ ናቸው። ስማቸውን የሰጣቸው ጄምስ ፍራንሲስ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በሎውል ከተማ የሽመና ፋብሪካዎችን በሚያንቀሳቅሱ ቦዮች ላይ ውኃ እየለካ ያደገ ሰው ነበር፤ የሙከራዎቹን መጽሐፍ በ1855 አሳትሟል። የከተማውን ውኃ ለካ፤ ዓለም ተጠቀመበት።

ከዚህ ያነሰ የሚመስል ግን ያላነሰ ሥራም አለ። በገጠር በወንዝ ዳር የሚገኘው የውኃ ወፍጮ ከሚያገኘው የውኃ ጉልበት ስንት እጁን ወደ ድንጋዩ ያደርሳል? የእንጀራ ሊጥ ኒውተን ለውኃ ባወጣው ደንብ ይገዛል ወይስ አይገዛም? በምጣድ ላይ ሲዞር ውፍረቱን የሚወስነው ምንድን ነው? ሳቅ ያሰኛችሁ ይሆናል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን ሊጠይቀን ቢመጣ ምን እንመልሳለን? በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ከተከፈተ ከ1986 ወዲህ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው ወይም ሆኖታል፤ የሲቪልና የመካኒካል ሰዎች በአንድ ገንዳ ዙሪያ ቢቆሙ ምን ይከለክላቸዋል?

ስለ ቋንቋውም በመንገዴ አንድ ቃል ልጣል። ተማሪው «ቪስኮሲቲ» የሚለውን ቃል ከነትርጕሙ በእንግሊዝኛ ይወጣዋል፤ ማርና ውኃ ለምን እኩል አይፈስሱም ብትሉት ግን ቃሉን አያስታውሰውም። በእንግሊዝኛ መማራችን ለጊዜው ይሁን፤ የቤተ ሙከራው ወሬ ግን በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ቢሆን ምን ይጐዳል? ሰው የሚገርመውን ነገር በእናቱ ቋንቋ ነው የሚጮኸው።

የማኅበራችን የአካዳሚ ኮሚቴ ይህን ወደ ዲኑ እንዲያቀርብልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ከፍሉይድ መካኒክስ ማርክ ቢያንስ ሢሶው በእጅ ለተሠራ ሙከራ ይሰጥ፤ ተማሪ ወደ ማርኩ መሄዱን ሁላችንም እናውቃለንና። ሁለተኛ፣ በልምምድ ወረቀቶቹ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ሳይሆን 76 ኪሎ ፓስካል ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ ሳንቲም አያስወጣም፤ ለሚቀጥለው ሰኞ ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛ፣ የሣጥኑ ቍልፍ ጕዳይ ይታይ። መምህራኖቻችን የሚያስተምሩት የክፍል ብዛትና የሚያርሙት ወረቀት ከዐቅም በላይ መሆኑን አልሳትሁትም፤ ስለዚህ ቤተ ሙከራውን በማዘጋጀት፣ ገንዳ በማጠብና ዕቃ በመቍጠር የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለማገልገል ዝግጁ ነን። እስከዚያው ድረስ ቱቦና ባልዲ የሚያዋጣ ቅዳሜ ከጥዋቱ በሦስት ሰዓት ከወርክሾፑ በስተጀርባ ካለው ቧንቧ ዘንድ ይምጣ። ቀለሙን እኔ አመጣለሁ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ግን ራቅ ብሎ ይቁም።

ከአንድ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ